የአባባ በልጅግና 68ቱ ጥይቶች

አባባ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. በጥቅምት ነው። ዕድሜያቸው ዘጠናን ተሻግሮ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ በአርበኝነት የተዋጉ ሰው ናቸው። ቀብራቸው በጥድፊያ ስለሆነ ጥይት አልተተኮሰላቸውም። ይህ ለአጎቴ የእግር እሳት ሆነበት። "እንዲህ ያለ ሰው በዝምታ ይቀበራል?" እያለ ሲብሰለሰል ከረመ። ለሙት ዓመታቸው በራሳቸው ጠመንጃ ሦስት ጥይት እንዲተኮስ ቤተሰቡ የተስማማው ለዚህ ነው።

ጠመንጃው አለ። ፈቃዱም በአጎቴ ስም ዞሯል። ጥይትም ነበር፣ 68 ፍሬ። ያቃተን ከ68ቱ የትኛው ይተኮስ የሚለው ነው። ያንን ለመወሰን ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ቦታው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ዘንዘልማ፣ የአባባ ቤት ነው። የአባቱን ጠመንጃና አንድ ቆርቆሮ አሮጌ ጥይት ይዞ የተቀመጠ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ የሆነውን ሳላሳጥር እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጠመንጃው። ሰፈሩ በሙሉ "የአባባ ምንሽር" ነው የሚለው። ምንሽር የሚለው ስም የመጣው ማንሊኸር ከተባለው የኦስትሪያ ጠመንጃ ነው። ውጅግራም "ፉዚ ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ስናድርም ከእንግሊዙ ስናይደር የመጡ ናቸው። የአባባ ጠመንጃ ግን ማንሊኸር አይደለም። ብረቱን በነጭ ጋዝ ስናጸዳው የፋብሪካው ስም በላቲን ፊደል ብቅ አለ፤ ፋብሪክ ናስዮናል፣ ኤርስታል፣ ቤልጅግ። አሠራሩ የማውዘር የሆነ አጭር ጠመንጃ ነው። የቀድሞ ሰዎች በልጅግ የሚሉት ይህንን ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከዚያ ፋብሪካ ገዝቶ ካስገባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። ያኔ የክብር ዘበኛን ያሠለጥኑ የነበሩትም የቤልጅግ መኮንኖች ነበሩ።

ይህ የስም ነገር ተራ ወሬ አይደለም። ሰው ጥይት የሚፈልገው በስም ነው። "የምንሽር ጥይት አለህ?" ይላል። የኦስትሪያው ማንሊኸር ጥይት ሌላ ነው። የጣሊያኑ ካርካኖም ብዙ ጊዜ ማንሊኸር ካርካኖ ስለሚባል ምንሽር ሊባል ይችላል፣ የእሱ ጥይት ደግሞ ሌላ። በልጅጉ የሚበላው 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር የሆነውን የጀርመን ማውዘር ጥይት ነው። ሦስቱም በአንድ ስም ተጠርተው አንድ ዝናር ውስጥ ይገባሉ። የአባባ ጥይትም እንዲሁ የተደባለቀ ነበር።

አጎቴ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ያውቃል። በንጉሡም በደርግም ጊዜ የጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል የሠሩ ናቸው። ለምኖ አመጣቸው። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም። ነጠላ መሬት ላይ አስነጥፈው "በሉ ሁሉንም አፍስሱት" አሉ።

ጥይቶቹ ከሁለት ቦታ ነበር የመጡት። ይህንን ልብ በሉልኝ። 48ቱ የነበሩት በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አባባ አንድ ጊዜ መሣሪያ ይሰበሰባል ሲባል ሰምተው ከብቶቹ ከሚያድሩበት ጋጥ ሥር ቀብረውት ነበር። እዚያው ከረመ። 20ዎቹ ደግሞ በወፍራም ወረቀት ተጠቅልለው፣ አምስት አምስት ሆነው በብረት መያዣቸው እንደተደረደሩ፣ ጎታ ውስጥ ጤፍ መሃል ተቀብረው ነው የተገኙት። እትዬ፣ የአባባ ታላቅ ልጅ፣ ጤፍ ስትሰፍር እጇን ነክተዋት ነው ያወጣቻቸው።

ሃምሳ አለቃ መለየት ጀመሩ። 12ቱ ቀጫጭኖችና ረዣዥሞች ናቸው፣ አረራቸው አፍንጫው ድቡልቡል። ስድስት ስድስት ሆነው በመያዣ ተሰክተዋል። "የጣሊያን ናቸው፣ ስድስት ተኩል" አሉ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ማለታቸው ነው። አባባ ከጠላት የማረኳቸው መሆን አለባቸው። 9ኙ ቂጣቸው ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ አላቸው። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ጥይቶች ናቸው። በ1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ዊንጌት የመራው የጌዴዎን ጦር በጎጃም ሲያልፍ ከአርበኞች ጋር አብሮ ስለተዋጋ፣ የዚህ ዓይነት ጥይት በአካባቢው ሽማግሌዎች ቤት መገኘቱ አይገርምም። እነዚህ 21ዱ ወዲያው ወደ ጎን ተገፉ።

አጎቴ ግን አንዷን የጣሊያን ጥይት አንስቶ "ይቺ እኮ ትገባለች" አለ። እውነቱን ነው፣ ትገባለች። አረሯ 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የበልጅጉ አፈሙዝ ከ8 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ሃምሳ አለቃ እጁን ያዙት። "ልጄ፣ አይጥም ድመት ጉሮሮ ውስጥ ትገባለች። ስለተስማማት ነው?" አሉት። ጥይት የሚገባበትን የጠመንጃውን ክፍል ሞልቶ ካልተቀመጠ ናሱ ይቀደዳል። የሚቀደደውም ከፊትህ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የሚወጣው ጋዝ የሚፈልገው ዓይን ነው።

ቀሩ 47፣ ሁሉም 7.92። ከእነሱም 8ቱ ቂጣቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቷል፣ ከእነዚሁ ከስምንቱ ሁለቱ ደግሞ ጫፋቸው ላይ ጥቁር ቀለም አለ። የአረር ጫፍ ቀለም ከተቀባ ተራ ጥይት ላይሆን ይችላል። ብረት የሚበሳ፣ እሳት የሚያነድ ወይም መንገዱን የሚያበራ ሊሆን ይችላል። የማይታወቅ ስለሆነ ስምንቱም ወጡ።

ክርክሩ የመጣው በተረፉት 39 ላይ ነው። 19ኙ ከከብት ጋጥ የወጡ የጀርመን ጥይቶች ናቸው። 20ዎቹ ከጎታ የወጡት። አጎቴ የጀርመኖቹን ፈለገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ጀርመን ነዋ! አባባም ያወድሷቸው ነበር። በዚያ ላይ ቂጣቸው ላይ 35 የሚል ስላየ "ሠላሳ አምስት ዓ.ም. የተሠራ" ብሎ ደመደመ። ሃምሳ አለቃ አረሙት። የጥይት ቂጥ ላይ ያለ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 35 ማለት 1935፣ በእኛ 1927 ወይም 28 ነው። በጎታዎቹ ላይ ያለው ደግሞ 11 እና 1953 ነው። 11 የዩጎዝላቪያ ፋብሪካ ቁጥር ነው። ይህኛው በእኛ 1945 ወይም 46 መሆኑ ነው። በመካከላቸው 18 ዓመት ልዩነት አለ። ሃምሳ አለቃን ያሳሰባቸው ግን ዕድሜው አልነበረም።

አንዱን የጀርመን ጥይት አንስተው አንገቱን በመነጽራቸው አዩት። ከዚያ ሰጡኝ። በካፕሱሉ፣ ማለትም መርፌው በሚመታት መለኮሻ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት አለ። እኔ ዝገት መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ፋብሪካው የከባድ አረር ምልክት አድርጎ የቀባው ነው። ዝገቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቀለሁ ከአረሩ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ቁልቁል ወርዷል። በጥፍር ሲነካ ይሰማል። ጠርዙ ላይ እንደ ሻገተ እንጀራ የመሰለ አረንጓዴ ዱቄት አለ። ሃምሳ አለቃ አረሩን በሁለት ጣታቸው ሲነኩት ተወዛወዘ። ትንሽ ሲነቀንቁት ሳይታገል በእጃቸው ቀረ። ባሩዱ ትናንሽ ግራጫ ቅርፊት ነበር። አሸተቱትና ለእኔም አቀበሉኝ። አፍንጫ የሚወጋ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ ነበረው። ደኅና ባሩድ እንዲህ አይሸትም። እንዲህ ከሸተተ ራሱን እየበላ ነው።

ከ19ኙ 11ዱ አንገታቸው ተሰንጥቆ ተገኘ። "ይሄ የላም ሽንት ሥራ ነው" አሉ።

አጎቴ አላመናቸውም፣ እኔም አላመንኩም። ኋላ ሳነብ ነው ነገሩ የታወቀ መሆኑን የተረዳሁት። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን ጥይታቸው በዝናብ ወቅት ይሰነጠቅባቸው ነበር። በወቅት ስለሚመጣ የወቅት ስንጥቅ አሉት። ጥይቱን ያስቀምጡ የነበረው በፈረስ ጋጥ ውስጥ ነው። ምክንያቱ በደንብ የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። የከብት ሽንት ሲበሰብስ አሞንያ ይወጣዋል። ያ ዓይን የሚያቃጥለው የጋጥ ሽታ ማለት ነው። ናስ ፋብሪካ ውስጥ ሲሳብና ሲጨመቅ ውጥረት ይቀርበታል፣ በተለይ አንገቱ ላይ። አሞንያና እርጥበት ሲገናኙ ያንን የተወጠረ ቦታ ይሰነጥቁታል። ከውጭ ሌላው አካሉ የሚያምር ሊሆን ይችላል። አባባ ጥይታቸውን የቀበሩት ከሰው ዓይን ሊሰውሩት ነው። ለናስ ግን በግቢው ውስጥ ከዚያ የከፋ ቦታ አልነበረም።

የጎታዎቹን ተመልከቱ። ደረቅ ጤፍ፣ ጨለማ፣ ከምድጃም ከከብትም የራቀ ቦታ። 20ዎቹም አንገታቸው ደኅና ነው። ናሱ ጠቁሯል እንጂ አልሻገተም። አንድም የላላ አረር የለም። አባባ ስለ አሞንያ አንብበው አይደለም፤ ቦታ ሲያጡ ነው እዚያ የጨመሩት። የእኔ እምነት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነው፤ የአሮጌ ጥይት ነገር ሲነሳ መጀመሪያ "የት ነበር የተቀመጠው?" ብሎ መጠየቅ ይገባል። የማን አገር ሥራ ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው የሚለው ከዚያ ይከተላል።

አንድ ነገር ግን ገና አልተፈታም ነበር፤ የአፈሙዙ ስፋት። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲወጣ አረሩ 8.08 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1905 ጀርመኖች ወደ 8.2 አሳደጉት። ስሙ ግን አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ከ1905 በፊት በተሠራ ጠባብ አፈሙዝ ሰፊውን አረር መተኮስ ግፊቱን ያንረዋል። በልጅጉ ከዚያ በኋላ የተሠራ ስለሆነ አላሰጋንም። የአያቱ ጠመንጃ ከዚያ የቆየ የሆነበት ሰው ግን ሳያስለካ እንዳይሞክር እለምናለሁ።

ሙከራው የሆነው ከሙት ዓመቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ፖሊስ እንዲያውቀው ተደረገ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ካለ ሸለቆ፣ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ፊት ለፊት። ሃምሳ አለቃ ጠመንጃውን በአሸዋ ጆንያ መሃል አጋድመው አሰሩት። ቃታው ላይ ሲባጎ አስረው ሁላችንንም ከትልቅ ድንጋይ ኋላ አስቀመጡን። የሞተር ሳይክል መነጽር ይዘው መጥተው ነበር፣ እሱን አደረጉ።

የመጀመሪያው ጮኸ። ሁለተኛው "ጠቅ" ብሎ ቀረ። ከሸፈ።

አጎቴ ሊነሳ ሲል ሃምሳ አለቃ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። አሮጌ ጥይት የከሸፈ መስሎ ዘግይቶ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ። ያኔ መቀርቀሪያውን የከፈተ ሰው ጉድ ይሆናል። ሰዓታቸውን እያዩ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ። ሁለት ደቂቃ እንደዚያ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ሄደው ከፈቱት። ካፕሱሉ ተመትቷል፣ ግን ጠባሳው ጥልቀት የለውም። የዩጎዝላቪያ ካፕሱል ጠንካራ ነው፣ ኃይለኛ ምት ይፈልጋል። የበልጅጉ መቀርቀሪያ ውስጥ ደግሞ የስንት ዓመት ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ሞላው በደንብ አይወረወርም። ጥፋቱ የጥይቱ አልነበረም።

እዚያው ፈቱት። በነጭ ጋዝ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ በቀጭን ዘይት ዳበስ አድርገው መለሱት። ያው የከሸፈው ጥይት ተመልሶ ገባና ተኮሰ። ሦስተኛውም ተኮሰ። ሃምሳ አለቃ ሦስቱን ቀለሆች ለቅመው ፀሐይ ላይ አገላበጡ። ካፕሱሉ አልተበሳም። አንገቱ አልተቀደደም። ከቂጡ ከፍ ብሎ የሚያብለጨልጭ ቀለበት መሳይ መስመር የለም። ያ መስመር ካለ ቀለሁ ሊበጠስ ነው፣ ጠመንጃውም መቆም አለበት። "ይበቃል" አሉ። አጎቴ እጃቸውን ሳመ።

አንድ የቀረ አለመግባባት ነበር። አጎቴ በሙት ዓመቱ ቀን ወደ ሰማይ መተኮስ ነው የፈለገው፣ እንደ ወጉ። ሃምሳ አለቃ እምቢ አሉ፣ ያውም በቁጣ። 12.8 ግራም አረር ወደ ላይ የሄደ እንደሆነ ይመለሳል። ዘንዘልማ እንደ ድሮው ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ አለ። "ለሞተው ብላችሁ ያለውን ልትገድሉ ነው?" አሉ። እትዬም ደገፈቻቸው። በመጨረሻ በዚያው ሸለቆ፣ በአፈሩ ግድግዳ ላይ እንዲተኮስ ተወሰነ። ሰዉ ከኋላ ቆመ። ከጸሎቱ በኋላ ሦስቱ ጥይቶች ተራ በተራ ጮኹ። አንድ የአባባ የጦር ጓደኛ ልጅ ቀረርቶ አወረደ። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

አሁን አብዛኛው ሰው ወደሚስተው ነገር ልምጣ። የዚያ ዘመን ካፕሱል አብዛኛው ፖታስየም ክሎሬት አለበት። ሲቀጣጠል ፖታስየም ክሎራይድ ትቶ ይሄዳል። ይህ የገበታ ጨው ዘመድ ነው። አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፍና ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። ከዚያ ብረቱን ይበላዋል። ጣና ዳር ደግሞ በጥቅምት እንኳ ጧት ጧት እርጥበቱ አይጣል ነው። ጨው በዘይትም በነጭ ጋዝም አይሟሟም። የሚሟሟው በውኃ ነው።

ስለዚህ በዚያው ምሽት፣ እንግዳው ሳይበተን፣ ሃምሳ አለቃ ውኃ አስፈሉ። መቀርቀሪያውን አወጡ። አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቀው ባልዲ ውስጥ አቆሙ። በጥይቱ መግቢያ በኩል ማንጠልጠያ ባለው ማንቆርቆሪያ ቀስ አድርገው ደጋግመው አፈሰሱ። መጀመሪያ የወጣው ውኃ ጥቀርሻ መሰለ፣ ሦስተኛው ጠራ። ብረቱ ሞቆ ስለነበር ውስጡ በራሱ ቶሎ ደረቀ። በመወልወያ ዘንግ ንጹሕ ጨርቅ አሳለፉበት፣ ከዚያ ዘይት። የመቀርቀሪያውን ፊትና መርፌውንም እንዲሁ አጠቡ። ጨዉ እዚያም ይደርሳል። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ይህ ሃያ ደቂቃ ምን እንዳዳነ ያየነው በሌላ ሰው ጠመንጃ ነው። ጎረቤታችን ያው ዓይነት በልጅግ አለው፣ ፈቃድም አለው። በዚያ ቀን እሱም ከጎታዎቹ ሁለት ጥይት ተሰጥቶት ለአባባ ክብር ተኩሷል። ሃምሳ አለቃ "በውኃ እጠበው" ብለውት ነበር። ብረት በውኃ ይታጠባል የሚለው ነገር አልዋጥ አለውና ዘይት ብቻ ቀብቶ ሰቀለው። በአምስተኛው ቀን ይዞት መጣ። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙረን ስናይ የኛው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የእሱ ውስጥ ግን፣ ጠመዝማዛው መስመር ላይ፣ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስላል። በዚያው ጥይት፣ በዚያው ቀን የተተኮሱ ናቸው። ሃምሳ አለቃ ሙሉ ቀን ሲፍቁለት ዋሉ። ዝገቱ ለቀቀ፣ የበላው ጉድጓድ ግን ቀረ።

48ቱን ጥይቶች በተመለከተ አጎቴ "ጣና ውስጥ ልጣላቸው?" ብሎ ነበር። ዓሣ አጥማጅ በመረቡ ያወጣቸዋል፣ በልጆችም እጅ ይገባሉ። መልሶ መቅበርም ያው ነው፣ አንድ ቀን ዶማ ይነካቸዋል። ለፖሊስ ደውለን ምን እንዳለን ነገርን፤ ቆጥረው፣ አስፈርመው ተረከቡን። ያኔ ነገሩ በዚህ አለቀ። ዛሬ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለና፣ ከአያት የወረሰም ቢሆን መጀመሪያ ፈቃዱን ያስተካክል።

ከ20ዎቹ 12 ቀርተዋል። ከጠመንጃው ተለይተው፣ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ሣጥን ውስጥ፣ እትዬ በምትይዘው ቁልፍ ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ። ክዳኑ ውስጥ አጎቴ በእስክሪብቶ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል። "የበልጅግ፣ 7.92። ዩጎዝላቪያ፣ በፈረንጅ 1953። ጎታ ውስጥ የነበሩ። ጨዋማ ነው፣ በተተኮሰ ዕለት በፈላ ውኃ ይታጠብ።" ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ጨምሯል፣ በትልልቅ ፊደል፦ "ምንሽር አይደለም።"